ጨዋዋ ወፍ

ልብስ ተኳሿ የሸሚዝ ኮሌታ ስትተኩስ ሁልጊዜ ከጫፍ ወደ መሃል ነው። ከመሃል ወደ ጫፍ የሚገፋ ሰው ሽብሽቡን ሁሉ ጫፍ ላይ ያከማቸዋል፤ ይህን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለአዲስ ገቢ ሁሉ ስትናገር ኖራለች። ያን ቀንም በግራ እጇ ኮሌታውን ወጠር አድርጋ በቀኟ ካውያውን ትገፋለች። ውጪ ዝናብ ይወርዳል። እንፋሎቱ እንዲወጣ ከራሷ በላይ ያለው መስኮት ገርበብ ብሎ ነበር። በዚያ በኩል አንድ አረንጓዴ ነገር ተወርውሮ ገባና እርጥብ አንሶላ የሞላው ቅርጫት ውስጥ ወደቀ።

"ምንድን ነው እሱ?" አለች ከጎኗ የምትሠራው አጣቢ።

"የማን ካልሲ ነው ደግሞ ከሰማይ የሚወርድ?"

ካልሲው ተነፈሰ።

ተኳሿ ካውያውን አቆመችና አንሶላውን ገለጥ አደረገች። ከበቀቀን ወገን ትንሹ ነበር፤ ሰዎች ሽቦ ቤት ውስጥ የሚያሳድጉት፣ መዳፍ ላይ የሚያልቅ ዓይነት። አንድ ክንፉን ማን እንደሆነ እንጃ በመቀስ ከርክሞታል። አንገቱ ሥር ስድስት ጥቁር ነጥቦች ተደርድረዋል፤ ልክ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ። እዚያው ቆማ ስሙን ቁልፍ አለችው። ፎጣ በካውያው አሙቃ ጠቀለለችውና ደረቷ ውስጥ ከተተችው።

"ተይው ባክሽ፣ ያመጣው መንገድ ይመልሰው" አለች አጣቢዋ።

"በምን ክንፉ ይመለስ? ባንቺ ምላስ?"

ሳቁ። ያን ሳቅ ኋላ ብዙ ጊዜ አስታውሳዋለች።

ባሏ ሰዓት ሠሪ ነው። ሱቁን ከዘጋ ወዲህ መስኮቱ ሥር ባለች ጠረጴዛ ላይ የቀረ ደንበኛውን ሰዓት ይጠግናል። ሰዓት ሲከፍት ከሁሉ በፊት እፍ ይላል፤ አጭር፣ ደረቅ፣ ትክክል ቦታው ላይ የምታርፍ ትንፋሽ። አቧራ እንጂ ብሎን አታነሳም። "የኔ እፍታ ከብሩሽ ትበልጣለች" ይል ነበር። ቁልፍ ሰዓት ሠሪውን ባየ በሦስተኛው ቀን ትከሻው ላይ ወጣ። በሁለተኛው ሳምንት ጢሙን ያበጥርለት ጀመር። ከሱቁ መዘጋት በኋላ ቃል የጠፋበት ሰውዬ፣ ጠዋት ሲነሳ የመጀመሪያ ንግግሩ ከወፉ ጋር ሆነ። ሚስቱ አልቀናችም። እንዲያውም ማድቤት ቆማ ስትሰማው እንባዋ ይመጣ ነበር።

ልጃቸው ግን በሳምንቱ እሑድ መጥታ ገና በሩ ላይ ቆመች።

"አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ወፍ ነዋ።"

"ወፍ መሆኑን አየሁ! ባለፈው ክረምት እኮ ሳንባህ ታሞ ሦስት ሳምንት ተኝተሃል። ይሄ ላባ ነው፣ አቧራ ነው። እማዬ፣ አንቺስ ዝም ትያለሽ?"

"ምን ልበል? ከአንቺ የበለጠ ይታዘዝለታል" አለች ተኳሿ።

ልጅቱ አልሳቀችም። በሚቀጥለው እሑድ ስመጣ ወፉን ካገኘሁ ይዤው እሄዳለሁ አለች፤ ያለችውን የምታደርግ ልጅ ናት። ሁለቱ ባልና ሚስት መከሩና ለልብስ እጥበት ቤቱ ኃላፊ ሰጠነው አሏት። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ረፋዱ ላይ የሽቦ ቤቱ አንሶላ ለብሶ ሁለት ፎቅ ይወርዳል፤ ታች ያለችው ጎረቤት ዘንድ ውሎ ማታ ይመለሳል። ያን ሁሉ ሽበት ተሸክመው በደረጃ ላይ እንደ ሌባ በጥፍራቸው ሲሄዱ ማየት ያስቅ ነበር። ራሳቸውም ይስቁ ነበር።

በሦስተኛው ወር ቁልፍ ደረቱን መንጨት ጀመረ። ሰዓት ሠሪው ብቸኝነት ነው ብሎ አንጸባራቂ የሰዓት ክዳን ሰቀለለት። ቁልፍ ክዳኑ ውስጥ ያለውን ወፍ ቀኑን ሙሉ ያናግረዋል፤ ከራሱ ጉሮሮ እህል እያወጣ ያጎርሰዋል። ያኛው አይውጥም። እህሉ በክዳኑ ላይ ይወርዳል። እሱ እንደገና ያወጣል።

ተኳሿ ይህን ያወራችው ነጭ ጋውኖቿን ለምታስተኩሰው የእንስሳት ሐኪም ነው።

"መስታወቱን ዛሬውኑ ያውርዱት" አለቻት ሐኪሟ። "ለተራበ ሰው የምግብ ሥዕል እንደ መስቀል ነው። ጓደኛ ይፈልጉለት እማማ። ካልሆነ ራሱን ነጭቶ ይጨርሳል።"

"ሴት ነው የሚሻለው ወንድ?"

"ሁለቱም ይሆናል፤ ዋናው ጸባይ ነው። ከመንቆራቸው በላይ ያለችውን ቆዳ ይዩ፤ ሰማያዊ ከሆነች ወንድ፣ ቡናማ ከሆነች ሴት። ብቻ አንድ ነገር ይስሙኝ። አዲሷን አምጥተው ወዲያው እንዳይቀላቅሉ። በር የሚዘጋ ሌላ ክፍል፣ ሠላሳ ቀን። ወፍ ሲያማት እስክትወድቅ ድረስ ትደብቃለች።"

የመጀመሪያዋን አመጡ። ከራሷ እስከ ጭራዋ ሰማያዊ፣ ጯሂ፣ ዐይኗ ጥርት ያለ። እንደ ታዘዙት ማድቤት ውስጥ ዘግተው ሠላሳ ቀን ሙሉ አስቀመጧት። ተኳሿ ወጥ ስታማስል ከኋላዋ ትሳደባለች፤ ማማሰያውን ብታስጠጋላት ትነክሳለች። በሠላሳ አንደኛው ቀን በሩ ተከፈተ። ቁልፍ በደስታ ዘሎ ሄደ። ግማሽ ሰዓት አልሞላም፤ ሰማያዊዋ እግሩን በመንቆሯ ይዛ ተንጠለጠለችበት። ሲያላቅቋቸው የሽቦው ቤት ወለል ደም ነጠብጣብ ነበር።

"ሠላሳ ቀን ጠብቀን ለንክሻ!" አለ ሰዓት ሠሪው።

መለሷት። በዚያ ወር ቁልፍ ከመንጨት አልፎ መብላት ቀንሶ ነበር። ሰዓት ሠሪው በወርቅ ሚዛኑ ላይ ያስቀምጠዋል፤ በየጠዋቱ መርፌዋ ትንሽ ወደ ኋላ ትላለች። የደረቱ አጥንት እንደ ካውያ ጫፍ ሾሎ ወጣ።

ሁለተኛ ጊዜ ወፍ ቤት ሲሄዱ ሻጩ፣ ሰፈሩ ሁሉ "ፉጨት" የሚለው ሰውዬ፣ ከውስጥ አንዲት ቢጫ አወጣ። መዳፉ ላይ አስቀመጣት። አልበረረችም፣ አልነከሰችም። ላባዋን ነፋ አድርጋ፣ ዐይኗን ግማሽ ጨፍና ተቀመጠች።

"ይቺ ደግሞ እንዴት ያለች ጨዋ ናት!" አለ ሰዓት ሠሪው።

"ትናንት ነው የመጣችው ጋሼ፤ መንገድ አድክሟት ይሆናል። ለብቻዋ የምታስቀምጡበት ክፍል አላችሁ አይደል?"

"አለን። ሁለት ትርፍ ክፍል።"

ተኳሿ ቀና ብላ አየችው። ያላቸው አንድ ክፍልና ማድቤት ነው። ግን ምንም አላለችም።

ዝም ያለችበት ምክንያት አርባ አንድ ዓመት የቆየ ነው። በተጋቡ በመጀመሪያው ዓመት፣ ሰዓት ሠሪው ለአንድ ትልቅ ደንበኛ "ሰዓትዎ ነገ ይደርሳል" ሲል እሷ ከጓዳ ሆና "ገና አልከፈትከው እኮ" አለች። ደንበኛው ሰዓቱን አንስቶ ሄደ። ባልና ሚስት ሳምንት ተኳረፉ፤ ሲታረቁም ቃል ተገባቡ፤ በሰው ፊት አንዳችን የሌላችንን ቃል አናፈርስም፣ የሚባል ነገር ካለ ቤት ገብተን እንባባላለን። ብዙ ትዳር የሚፈርስበትን ነገር በዚህ አልፈውታል። ዘመድ ሁሉ ያመሰግናቸው ነበር።

"ሁለተኛው ትርፍ ክፍል የቱ ነው?" አለችው ደረጃው ላይ።

"አንዱ ማድቤቱ፣ ሌላው ሁሉን የሚችል ሆድሽ።"

ቢጫዋ ማድቤት ገባች። ቁልፍ ከዚህኛው ክፍል ድምጿን እንደ ሰማ ሽቦው ላይ ተለጥፎ መጣራት ጀመረ። ከማድቤት አንዲት ቀጭን ድምፅ ትመልሳለች፤ ከዚያ ዝም። እሱ ግን አያቋርጥም። ሁለት ቀን ሙሉ እንደዚያ ሆነ። ጉሮሮው እስኪሻክር ጮኸ፣ እህል አልቀመሰም።

"ልብ የለሽም?" አላት ባሏ።

"ሐኪሟ ሠላሳ ቀን ብላለች።"

"ለዚያች ለተናካሿ ጠበቅን፣ ምን አተረፍን? እስኪ እዪው። ሠላሳ ቀን ያለው ይመስልሻል?"

አየችው። ያ ራቁቱን የቀረ ደረት ከፍ ዝቅ ይላል። የማድቤቱን በር የከፈተችው እሷ ናት። ማንም አላስገደዳትም፤ ይህን አንድ ቀንም ክዳ አታውቅም።

ቢጫዋ አልነከሰችም። ቁልፍ ተጠጋት፤ አልሸሸችም። ከጉሮሮው አውጥቶ አጎረሳት፤ ዋጠች። ሰዓት ሠሪው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ቁልፍ መብላት ያዘ፤ የሚዛኑም መርፌ ወደፊት መጣች። ቢጫዋንም ጨዋዋ አሏት። ላባዋን ነፍታ ስትቀመጥ ግርማዋ ነው አሉ። ዐይኗን ስትጨፍን አፍራ ነው አሉ። ጥቂት ስትበላ ቁጥብ ናት፣ ድምጿ ሲጠፋ ጭምት ናት አሉ። ተኳሿ እድፍ አይታ ወይን ነው፣ ቅባት ነው፣ ደም ነው ብላ የምትለይ ሴት ናት፤ የሽቦው ቤት ወለል ላይ የተነጠፈው ወረቀት አረንጓዴ ውሃ ሲቋጥር ግን "ሰላጣ አብዝተንላት ነው" አለች።

እነዚህ ወፎች እህሉን ፈልፍለው ገለባውን እዚያው እህል መስጫው ላይ ይተውታል። ሌላ ሰው ቢሆን ሣህኑን አውጥቶ ይደፋው ነበር። ሰዓት ሠሪው ግን ልማዱ ነውና ፊቱን ሽቦው ቤት ውስጥ አስገብቶ እፍ ይላል። ገለባው ይነሳል፣ ከገለባው ጋር የደረቀ ኩስና የላባ ብናኝ ይነሳል፤ በመስኮቱ ብርሃን ፊቱ ላይ ሲንሳፈፍ ይታያል። ከዚያ ትንፋሹን መልሶ ይስባል።

ጨዋዋ በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ወለሉ ላይ ተገኘች። ሰዓት ሠሪው በባዶ እጁ አነሳት፣ ራሷን ሳማት፣ የሰዓት መስታወት በሚወለውልበት ለስላሳ ጨርቅ ጠቀለላት። "መንገዱ ነው የገደላት" አለ። ተኳሿም "ይሆናል" አለች፤ ግን የሐኪሟ ቃል ሆዷ ውስጥ እንደ ተዋጠ አዝራር ተቀምጦ ነበር።

ሁለት ሳምንት አልፎ፣ አንድ ዓርብ ቀን፣ ሰዓት ሠሪው መነጽሩን አውልቆ ራሴን አለ። ቅዳሜ ተንቀጠቀጠ። እሑድ ልጃቸው ስትመጣ እንደ ወትሮው ወፉ ታች ጎረቤት ዘንድ ወርዷል፤ አባቷ ግን አክታ የሌለው ሳል እያጣደፈው ከአልጋ መነሳት አቅቶት ነበር። ሰዓት ሳይፈጅ ሆስፒታል ገቡ።

ሐኪሙ ገና ወጣት ቢሆንም ነገር የሚያጣራ ሰው ነበር። ደረቱን አዳመጠ፣ ፎቶውን ብርሃን ላይ አየ፤ ከዚያ ብዕሩን አንስቶ ጠየቀ።

"አባባ፣ ቤት ውስጥ እንስሳ አለ? ዶሮ፣ እርግብ፣ ሌላ ወፍ?"

"ነበራቸው" አለች ልጅቱ ቀድማ። "ትንሽ ወፍ። ከሰጡት ግን ስንት ወር ሆነው። አይደል አባዬ?"

ሰዓት ሠሪው ሚስቱን አላየም። ጣሪያውን እያየ፣ "አዎ፤ ሰጥተነዋል" አለ።

ሐኪሙ ወደ ተኳሿ ዞረ። "አሁን ምንም የለም ማለት ነው?"

ያን ጊዜ የክፍሉ ሰዓት ስንት ጊዜ ቀጭ እንዳለ ታውቃለች። ልጇ እያየቻት ነው። ባሏ ጣሪያውን እያየ ነው። እውነቱን ብትናገር ቃሉን ታፈርሳለች፤ በልጁ ፊት፣ በሐኪም ፊት፣ በታመመበት አልጋ ላይ ውሸታም ታደርገዋለች። ቤት ስንገባ እንነጋገራለን ብላ አሰበች። በአርባ አንድ ዓመት ሁልጊዜ ቤት ገብተው ነበርና፣ ባሏ ከዚያ አልጋ ሳይነሳ ሊቀር እንደሚችል አልታያትም። ራሷን ዝቅ አደረገች። ሐኪሙም አዎ ማለቷ መስሎት ወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ሰረዘ።

ሰኞ ትኩሳቱ አልወረደም። ማክሰኞ በአፍንጫው ቱቦ ገባለት። ሐኪሙ ጠዋት መጥቶ ያያል፣ ከሰዓት መጥቶ ያያል፤ ግንባሩ ይቋጠራል። "መድኃኒቱ እስካሁን መሥራት ነበረበት" ይላል። ልጅቱ ኮሪደር ላይ እየተመላለሰች ጥፍሯን ትበላለች። ተኳሿ የባሏን እጅ ይዛ ትቀመጣለች፤ ያ መርፌ የማያህል ብሎን የሚይዝ እጅ ብርድ ልብሱን በከንቱ ይለቅማል። አንድ ጊዜ አንገቱን አዙሮ "ቁልፍን ማን አበላው?" አላት በሹክሹክታ።

"ጎረቤት" አለችው።

ረቡዕ ረፋድ ልብስ ልትቀይር ቤት ሄደች። ታች ያለችው ጎረቤት በሩን ከፈተችላትና ደስ ብሏት ነገረቻት።

"ወፋችሁ እንዴት ያለ ጸባይ አወጣ በይ! በፊት እኮ ጩኸቱ ራስ ያዞር ነበር። አሁን ዝም። እጄን ባስገባ አይነክስ፣ አይሸሽ። ጨዋ ሆነልሽ።"

ተኳሿ አንሶላውን ገለጠች። ቁልፍ ላባውን ነፍቶ፣ ዐይኑን ግማሽ ጨፍኖ ተቀምጧል። ሥሩ ያለው ወረቀት አረንጓዴ ውሃ ቋጥሯል።

ልብሷን አልቀየረችም። የሽቦ ቤቱን እንደ ተሸፈነ ለእንስሳት ሐኪሟ አድርሺልኝ ብላ ጎረቤቷን ላከች፤ ራሷ እየሮጠች ሆስፒታል ገባች። በዚያ ዕድሜዋ፣ በዚያ ጉልበቷ። ሐኪሙ አልጋው አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ልጅቱም አለች። ባሏ ፊቷን ሲያይ ምን ልትል እንደ መጣች ገባው። ራሱን በቀስታ ነቀነቀ፤ አትበይ ማለቱ ነው።

"ዶክተር፣ ወፍ አለን" አለች። "አልሰጠነውም። እሑድ የነገሩዎት ውሸት ነው፣ እኔም ዝም ያልኩት ውሸት ነው። ሁለት ነበሩ፤ አንዷ ሞታለች። ያኛውም ታሟል።"

"እማዬ!" አለች ልጅቱ።

"መቼ ነው የሞተችው?" አለ ሐኪሙ።

"ሦስት ሳምንት ሊሆናት ነው። በእጁ አንስቶ ስሟታል። በየቀኑ ገለባውን በአፉ እፍ ይላል።"

ሐኪሙ ለአፍታ ዐይኑን ጨፈነ። "እሑድ ጠይቄ ነበር እማማ።"

"ጠይቀውኛል።"

ከወፍ ወደ ሰው የሚተላለፍ የሳንባ በሽታ እንዳለ፣ እስካሁን የሰጡት መድኃኒት እሱን እንደማይነካው፣ የሚነካው ሌላ እንደሆነና ሦስት ቀን መዘግየታቸውን በአጭሩ ነገራቸው። ለነርሷ አዲስ ትእዛዝ ጻፈ። ሰዓት ሠሪው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ተኳሿ ስንት ሰው መክራበታለች! እሑድ ዕለት ግን የራሷን ምክር ራሷ አልሰማችውም።

ትኩሳቱ ዓርብ ወረደ። ሰዓት ሠሪው ሃያ ስድስት ቀን ተኝቶ ወጣ። ቁልፍ በእንስሳት ሐኪሟ እጅ ላይ በሁለተኛው ቀን ሞቷል፤ ተኳሿ ይህን ለባሏ አልደበቀችውም፣ በነጋታው ነገረችው። ሁለት ቀን አላናገራትም። በሦስተኛው ቀን፣ "ልክ ነሽ" አላት። ስለ የትኛው ነገር እንደሆነ አልጠየቀችውም። ልጃቸውም ይቅር ብላለች፤ ግን አሁን እሑድ ስትመጣ ከመሳሟ በፊት ክፍሉን ዞር ብላ ታያለች።

ሰዓት ሠሪው አሁን ሦስት ፎቅ ለመውጣት በየመታጠፊያው ይቀመጣል። ሰዓት ሲከፍት በብሩሽ ነው፤ ሐኪሙ ከሳንባው የጠፋው ክፍል ይመለስ አይመለስ ገና አልታወቀም ብሎታል፤ በየወሩ እየሄደ ፎቶ ይነሳል። ጎህ ሲቀድ ሳሉ ይጀምረዋል። ተኳሿ ዐይኗን ሳትገልጥ ታዳምጣለች፤ እርጥብ ነው? ደረቅ ነው? ትናንት ከነበረው ይረዝማል? ሳሉ ሲቆም ደግሞ ትንፋሹን ትጠብቃለች። አንዳንድ ቀን ትንፋሹ ይዘገያል።

ይህን ለምታነቡ አንድ ልመና አላት። ወፍ አታሳድጉ አትላችሁም፤ ቁልፍን ደረቷ ውስጥ በከተተችበት ቀን እስከ ዛሬ አልተጸጸተችም። ባላችሁን አታክብሩ፣ ቃላችሁን አትጠብቁ አትልም። ብቻ ሐኪም ብዕሩን ይዞ "ቤታችሁ ውስጥ ወፍ አለ?" ብሎ የጠየቃችሁ ቀን፣ አጠገባችሁ ማንም ይቁም፣ ከእናንተ በፊት ማንም ምንም ይመልስ፣ እባካችሁ፣ ቤት እስክትገቡ አትጠብቁ፤ እዚያው "አለ" በሉ።